ሚስማሩ ላይ ምን አለ?

ሰው ስለ ሆስፒታል ሲያወራ ስለ ሐኪሙና ስለ መርፌው ነው። አንሶላውን ማን ያስታውሳል? አንዱ አልቦበት፣ አንዱ ደምቶበት፣ አንዱም ሞቶበት ይሄዳል፤ በማግስቱ ያው አንሶላ ነጭ ሆኖ፣ ጠርዙ ከጠርዙ ገጥሞ ሌላ አልጋ ላይ ይነጠፋል። በራሱ ታጥቦ በራሱ የታጠፈ ይመስል! ከምድር ቤት ሆነው ይህን የሚሠሩ ሴቶች ነበሩ። ከእነሱ አንዷን ቆፍጣናዋ ይሏት ነበር።

ቆፍጣናዋ ይህን ስም ያገኘችው በአረማመዷ ነው። እናቷ በልጅነቷ ስለሞተችባት ያደገችው አክስቷ ቤት ነው፤ የሰው ቤት ያደገ ልጅ ደግሞ ሳይጠሩት አቤት ማለት፣ ሳይልኩት መሮጥ ይማራል። ሰው የጎደለው ነገር ቶሎ ይታያታል። አንዷ ወገቧን ያዝ ስታደርግ ቅርጫቱን ቀድማ ታነሳለች፤ አንዷ አኩርፋ ከገባች የእሷንም ድርሻ ሠርታ ዝም ትላለች። ዝም! ደግነቷ እጇ ላይ እንጂ አፏ ላይ አልነበረም። “ሥራ እንጂ ወሬ ምን ያደርጋል” ትላለች። ይህ ጸባይዋ ምን ጉድ እንደሠራ ቆይታችሁ ትሰማላችሁ።

ማጠቢያ ቤቱ ከሆስፒታሉ በታች ነው። ጣሪያው ላይ ወፋፍራም ቱቦዎች ተጋድመው ቀኑን ሙሉ ያንጠባጥባሉ፤ ወለሉ ደርቆ አያውቅም። መስኮቱ ከፍ ብሎ ከመንገዱ እኩል ስለሆነ ከውጭው ዓለም የሚታየው የመንገደኛ ጫማ ብቻ ነው። በአንድ በኩል ማጠቢያዎቹ ያጓራሉ፣ መሃል ላይ ማድረቂያዎቹ ይሽከረከራሉ፣ ከመስኮቱ ሥር ረጅሙ የማጠፊያ ጠረጴዛ አለ። በሩ አጠገብ ደግሞ አንድ ሚስማር።

ያን ሚስማር ልንገራችሁ። አንሶላ የሚታጠፈው በሁለት ሴት ነው፤ እያንዳንዱ ጥንድ ያጠፈውን እስር በራሱ ቀለም ማሰሪያ ያስረዋል። ቆሻሻ ወይም ቀዳዳ ያለበት አንሶላ ክፍል ድረስ ከወጣ፣ ነርሶቹ እስሩን ከነማሰሪያው ይመልሱታል፤ ተመላሹም እስከ ሥራ መውጫ ሚስማሩ ላይ ይሰቀላል። የሚቆጣ የለም፣ የሚሳደብ የለም፤ ግን ያ ሚስማር ከተቆጣጣሪው ይልቅ ይፈራ ነበር። አንድ ደግ ነገርም ነበረው፤ “ከሁለታችሁ ጥፋተኛዋ ማናት?” ተብሎ አይጠየቅም። ጥፋቱም የሁለት፣ ምስጋናውም የሁለት ነው።

የቆፍጣናዋ ጥንድ፣ ሁሉም እቴቴ የሚሏት ሴት ነበረች። ማሰሪያቸው አረንጓዴ ነው። ቆፍጣናዋ አዲስ ሙሽራ ሆና ሥራ ስትገባ ማጠፍ ያስተማረቻት እቴቴ ናት፤ መጀመሪያ ግን አልተስማሙም። ቆፍጣናዋ አንሶላውን ስትስበው እቴቴ ተንገዳግዳ ጠረጴዛው ላይ ልትደፋ ነበር።

“አንቺ ልጅ! በሬ ነው የምትጎትቺው?” አለቻት እቴቴ።

“ቶሎ እንዲያልቅ ብዬ ነው።”

“ቶሎ የሚያልቀውስ ዕድሜ ነው። ጉልበትሽን ለባልሽ አቆዪው። አንሶላ የሚታጠፈው ከዚያ ማዶ ያለችውን ሴት በማዳመጥ ነው። እኔ ስለቅ ትለቂያለሽ፣ እኔ ስይዝ ትይዢያለሽ። ገባሽ?”

ገባት። ከዓመታት በኋላ ሁለቱ ሲያጥፉ ያየ ሰው አንዲት ሴት በመስታወት ፊት የቆመች ይመስለው ነበር። ያነሳሉ፣ ይወጥራሉ፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዩታል፣ ያጥፋሉ፣ ይገናኛሉ፣ ጫፉን ይቀባበላሉ። ከሥራ ውጭ ቤት ለቤት አይጠያየቁም፣ ምስጢር አይለዋወጡም ነበር። የሚያገናኛቸው ይህ ብቻ ነው፦ ላይ የተኛ ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ በንጹሕ አንሶላ ይተኛ። እቴቴ ማታ ማታ ሽርጧን ፈትታ ስትወጣ ሁልጊዜ አንድ ነገር ትጠይቃለች፦

“ሚስማሩ ላይ ምን አለ?”

“ምንም።”

“ተመስገን” ትልና ትሄዳለች።

እንዲህ ሲኖሩ አንድ ቀን አንሶላውን ወደ ብርሃን ወጠሩት። በእቴቴ በኩል የእጅ መዳፍ የሚያህል ቢጫ ነገር አለ። ቆፍጣናዋ እቴቴ “ይመለስ” እስክትል ጠበቀች። እቴቴ ግን አጠፈችው። ቆፍጣናዋ “ኧረ ይሄ እርጥበት አለው” ብላ አንሶላውን ወደ ማጠቢያው ቅርጫት ወረወረችው፤ ሌላ ነገር አልተናገረችም።

ከዚያ በኋላ ማየት ጀመረች፤ አንዴ ያዩትን ደግሞ አላየሁም ማለት አይቻልም። እቴቴ ከጎኗ የሚመጣ ሰው ያስደነግጣታል። ጫፉን ስትቀበል እጇ አልፎ ይሄዳል። ደረጃ ስትወርድ ግድግዳውን በጣቶቿ ትዳስሳለች። ቆፍጣናዋም የራሷን ግማሽ ስታይ የእቴቴንም ማየት ያዘች። ጫፉን አየር ላይ ከመስጠት መዳፏ ውስጥ ማስቀመጥ ጀመረች። እቴቴ ምንም አላለችም፤ ስለዚህ ቆፍጣናዋም ምንም አላለችም።

ቤቷ ገብታ ለባሏ ነገረችው። ባሏ የአውቶቡስ መካኒክ ነው፤ ነገር አያወሳስብም።

“የዐይን ሐኪም እዚያው እናንተ ግቢ አይደለም እንዴ?” አላት።

“አንተ ደግሞ! ካርድ ላውጣ ስትል ተቆጣጣሪው ይሰማል፤ ከሰማ ነገ አትገባም። ከሥራ ትባረርልህ?”

“እኔ ምን አውቄ? ሞተር ሲያጓራ ከፍቼ አያለሁ፤ ጆሮዬን አልደፍንም።”

“ሰው ሞተር ነው?” ብላ ፊቷን አዞረችበት።

ፍርሃቷ ግን ከመሬት ተነስቶ የመጣ አልነበረም። ከዚያ በፊት አንዲት አጣቢ ትከሻዋን አሟት “ቅርጫት ማንሳት አቃተኝ” ብላ ለድሮው ተቆጣጣሪ በሐቀኝነት ተናገረች። በሳምንቱ ተሰናበተች። ከዚያ ወዲህ ምድር ቤት ውስጥ ሕመም የሚባል ነገር የለም፤ ሁሉም ደህና ነው። አዲሱ ተቆጣጣሪ ደግሞ ኮቱን የማያወልቅ፣ ቃል የማያባክን ሰው ነበር። ማኅተም ብለው ሰየሙት፤ ይመጣል፣ ያትማል፣ ይሄዳል።

ነገሩን ሁለተኛ ያየችው፣ የፈረደባት፣ ጋዜጣ ነበረች። ጋዜጣ የመተኮሻዋ ሠራተኛ ናት፤ ስሙ ለምን እንደወጣላት ማስረዳት አያስፈልግም። የማን ባል ሰክሮ እንደገባ፣ የትኛዋ ነርስ እንዳኮረፈች፣ ጠዋት ሻይ ሳይፈላ ታውቀዋለች። አንድ ቀን ቆፍጣናዋን ከማድረቂያው ጀርባ ሳበቻት።

“እቴቴ አይታያትም።”

ቆፍጣናዋ ወደ በሩ ዞራ አየች። “ማን አለሽ?”

“ዐይኔ አለኝ። የሷ ነው እንጂ የጠፋው የኔ አልጠፋም።”

“በናትሽ ጋዜጣ! ይሄን አንድ ነገር ብቻ! አፍሽን ያዢልኝ።”

ጋዜጣ እጇን አፏ ላይ ጫነች። “እኔ ልሙት፣ ይሄኛው አይታተምም” አለች። አልታተመምም። ይታያችሁ፣ የጎረቤት ድመት ወለደች ብላ የምትጮህ ሴት ይህን ዋጠችው። ያን ጊዜ አፏ አንዴ ቢያመልጣት ኖሮ! ግን ሰው ጠባዩን የሚያሸንፈው ሁልጊዜ ለደግ አይደለም።

ቀስ በቀስ ሁሉም አወቀ፤ ማንም ግን ለማንም አልተናገረም። በመተላለፊያው ላይ ባልዲ የሚያስቀምጥ ጠፋ። ተሽከርካሪው ቅርጫት ሁልጊዜ አንድ ቦታ ይቆማል። በእቴቴ አጠገብ የምታልፍ ሁሉ ጉሮሮዋን ታጸዳለች ወይም ታንጎራጉራለች። ጋዜጣ በወሬ አሳብባ ክንዷን ይዛ ደረጃውን ታወጣታለች፤ “እቴቴ ልንገርሽ፣ ትናንት ምን ሆነ መሰለሽ” እያለች። ቅርጫቷን የሚገፋላት ሌላ ሰው ሆነ፣ የሽርጧ ማንጠልጠያም በሩ አጠገብ ወዳለው ወደ መጀመሪያው ተዛወረ። ለዓመታት በማሰሪያ ቀለም ሲነቃቀፉ የኖሩ ሴቶች፣ ማንም አለቃ ሳይሆን፣ ማንም ሳያዝ፣ እንደ አንድ ሰው ሠሩ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይሄ ነው ብላ ቆፍጣናዋ በልቧ ኮራች። እውነቷን ነው፣ ያምር ነበር። የሚያሳዝነውም ማማሩ ነው።

አንድ ጊዜ ብቻ አመለጣቸው። የክረምቱ ዝናብ የጀመረ ሰሞን፣ ቆፍጣናዋ ልጇ አተኩሶት እንቅልፍ አጥታ ያደረች ቀን፣ እሷም በደንብ ሳታይ አንድ እስር ወጣ። ከሰዓት በኋላ ከሽንት ቤት ስትመለስ ሚስማሩ ላይ አረንጓዴ ማሰሪያ ያለው እስር ተሰቅሏል። በላይኛው አንሶላ ላይ፣ በእቴቴ በኩል፣ የደረቀ ደም ነበር። ቆፍጣናዋ ግራ ቀኝ አየች። እቴቴ ማድረቂያው ጋ ናት። አወረደችው፤ ከሽርጧ ሥር ወሽቃ ወስዳ ማጠቢያው ውስጥ ከተተችው። ጋዜጣ አየቻት፤ ፊቷን ወደ መተኮሻው አዞረች።

ያን ቀን ማታ እቴቴ ሽርጧን ፈትታ ሰቀለች።

“ሚስማሩ ላይ ምን አለ?”

“ምንም” አለች ቆፍጣናዋ።

“እርግጠኛ ነሽ? ነርሷ የመጣች መስሎኝ ነበር።”

“የሌሎቹ ነው። የኛ አይደለም።”

“ተመስገን” አለች እቴቴ፤ ፊቷ በራ። ቆፍጣናዋም ሥራዋን የምትወድ ሴት ሞራሏን ጠበቅኩላት ብላ ደስ እያላት ቤቷ ገባች።

ዓመት አለፈ። ከዚያ አንድ ቅዳሜና እሁድ የምድር ቤቱ ፍሳሽ ተዘግቶ ኖሮ የቧንቧ ሠራተኞች ወለሉን ቆፈሩት፤ ሠራተኞቹም የማጠፊያውን ጠረጴዛ ከመስኮቱ ሥር አንስተው ወደ ማዶው ግድግዳ አዞሩት። ሰኞ ጠዋት ቆፍጣናዋ አውቶቡስ ተበላሽቶባት ዘገየች። ሌሎቹ የተዘበራረቀውን ዕቃ በማስተካከል ተወጥረዋል፤ ጋዜጣም መተኮሻዋ አልሞቅ ብሏት ትራገማለች። አለ አይደል፣ እያንዳንዷ ለእቴቴ ሌላዋ ነግራታለች ብላ የምታስብበት ቀን።

ቆፍጣናዋ እያለከለከች በሩ ላይ ስትደርስ እቴቴ ንጹሑን ክምር እስከ አገጯ ታቅፋ ከማድረቂያው ስትነሳ አየቻት። አረማመዷ ሙሉ ነው፣ አንገቷ ቀና ብሏል፣ ወደ መስኮቱ ሄደች። ቆፍጣናዋ አፏን ከፈተች፤ ግን ስንት ዘመን በዝምታ የሠራ አፍ እንዲህ በቶሎ ይከፈታል? እቴቴ ከመስኮቱ ሥር ቆመች፣ ጎንበስ አለች፣ ክምሩንም ጠረጴዛው በነበረበት ቦታ ላይ አስቀመጠችው። ነጩ አንሶላ ሁሉ ጭቃማው ወለል ላይ ተዘረገፈ። እቴቴ አልጮኸችም። ሁለት እጇን ወደ ፊት ዘርግታ አየሩን ዳሰሰች፤ ከዚያ ባለችበት ቀረች። ማጠቢያዎቹ ብቻ ያጓራሉ።

ማኅተም ሥራውን ለማየት ወርዶ ደረጃው ሥር ቆሞ ነበር።

“እኚህ ሴትዮ አይታያቸውም እንዴ?” አለ።

ሁሉም መሬት መሬት አዩ። ሰውየው ሄዶ የእቴቴን ክንድ ያዘ፤ “ይምጡ እናቴ፣ ቀስ ብለው” አለ። ያባርራል ሲሉት የኖሩት ሰው፣ ካርድ ሳያወጣ፣ ወረፋ ሳይጠብቅ፣ ደረጃውን ይዟት ወጣ። ቆፍጣናዋ ከነዝናብ ልብሷ ተከተለቻቸው። ሩቅ አልነበረም፤ መንገዱ አሳፈራት፣ ያን ያህል ቅርብ ነበር።

ሐኪሟ ወጣት ናት። መብራቷን አብርታ ብዙ አየች፤ ከዚያ ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋች።

“የዐይን ግፊት ነው። እስካሁን የት ነበሩ እማማ?”

“እዚሁ” አለች እቴቴ። “ከታች።”

“ይሄ በሽታ ከጎን ከጎን እየበላ ነው የሚመጣው፤ የጠፋው አይመለስም። ቀድመው ቢመጡ ግን የቀረውን በጠብታ እናቆየው ነበር። አሁን የቀረው በጣም ትንሽ ነው።” እቴቴ እየደጋገመች “እሺ ልጄ፣ እሺ ልጄ” አለች፤ ራሷ ሐኪሟን የምታጽናና ይመስል።

ኮሪደሩ ላይ ማኅተም ቆፍጣናዋን “ለምን አልነገራችሁኝም?” ብሎ ጠየቃት።

“ትከሻዋን ያመማትን ሴትዮ ምን አደረጋችኋት?”

“እሱ ከእኔ በፊት ነው።” ወደ ደረጃው ዞሮ አየ። “ብትነግሩኝ ኖሮ ምን እንደማደርግ እኔም አላውቅም። ይህን ልዋሽሽ አልችልም። ደረጃው ግን እዚህ ነበር።”

እቴቴ በወሩ መጨረሻ በጡረታ ተሸኘች። ሴቶቹ አዋጥተው ነጠላ ጫማና ብርድ ልብስ ገዙላት፤ አለቀሱ፣ ሳሟት። ቆፍጣናዋ ከጋዜጣ ጋር ተጣመረች። ጋዜጣ ወሬ ትታ ነበር፣ ይብሱን ቤቱ ጭር አለ። አንሶላውን አንዷ ስትይዝ ሌላዋ ትለቃለች፤ ሚስማሩ ላይም ማሰሪያቸው አዘውትሮ ይሰቀል ጀመር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ተረቱ ስለ በሽተኛው ይናገራል እንጂ ስለሚደብቁለት ወዳጆቹ ምን ይላል? ምንም አይልም።

ቆፍጣናዋ እቴቴን ልጠይቃት ብላ ዛሬ ነገ ስትል ከረመች። በመጨረሻ አንድ እሁድ ብርቱካን ገዝታ ሄደች። የእቴቴ ልጅ በሩን ከፍታ፣ “እማዬ ስለናንተ ስታወራ ነው የምትውለው” ብላ አስገባቻትና ወደ ሱቅ ወጣች። እቴቴ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ለብቻዋ አንሶላ ታጥፋለች። መሃሉን በአገጯ ይዛ፣ ጫፎቹን በእጆቿ እየፈለገች።

“በአረማመድሽ አወቅኩሽ” አለች እየሳቀች። “ነይ ተቀመጪ። እንዴት ናችሁ? ጋዜጣ ምን ታትማለች?” ከዚያም ለቀልድ፣ “ሚስማሩ ላይ ምን አለ?” አለቻት።

ቆፍጣናዋ መሳቅ አቃታት።

“አትዘኚ እህቴ” አለች እቴቴ። “ጥፋቱ የኔ ነው። እያነሰ መምጣቱን እኔም አውቅ ነበር፤ ግን ምን ያህል እንደሆነ ሰው ለራሱ በምን ይለካዋል? ስለዚህ ከራሴ ጋር ተማማልኩ። አረንጓዴው አንድ ቀን ሚስማሩ ላይ ከተሰቀለ፣ ሥራም ቢቀር ይቅር፣ በማግስቱ ወደ ላይ እወጣለሁ አልኩ። ለዚህ ነበር ማታ ማታ የምጠይቅሽ። ‘ምንም’ ስትዪኝ፣ በቃ አሁንም አያለሁ ማለት ነው እልና በሰላም እተኛለሁ። ቅርጫቱንም አልገጨው፣ ባልዲውም አያደናቅፈኝ፤ እንዲያውም የተሻለኝ መስሎኝ ነበር።” አንሶላውን ጉልበቷ ላይ አስተካከለች። “እስከ መጨረሻው አንድ ቀን እንኳ አልተሰቀለም። አይደል?”

ቆፍጣናዋ ዕድሜ ልኳን የለመደችው ቃል ምላሷ ላይ መጣ። ‘አልተሰቀለም’ ብትል ማን ያውቅባታል? ብርቱካኑን የያዘውን ፌስታል ጨበጠችው፣ ለቀቀችው።

“ተሰቅሎ ነበር እቴቴ” አለች። “እኔ ነኝ ያወረድኩት።”

እቴቴ እጇ አንሶላው ላይ ቆመ።

“መቼ?”

“አምና። ዝናቡ የጀመረ ሰሞን።”

እቴቴ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች፤ ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ እየፈለገች፣ ትንሽ አለፈችው።

“ያኔ” አለች በመጨረሻ፣ “የመንገደኞቹ ጫማ ይታየኝ ነበር።”

ቆፍጣናዋ ተነስታ የአንሶላውን ሁለት ጫፍ ያዘች። እቴቴ የራሷን ጫፎች አላነሳችም።